መስኮት ለመሰለ ግድግዳ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር አልዊን ትሬንች
የድረምላሽ ቤት ጥበቃ ማኅበር ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ባለፈው ሳምንት ነፋስ በሚመታው ሣር ላይ ቆመው የቤቱን ፊት ሲመለከቱ ስላየሁ፣ ብርድ እንዳይመታዎ ሰግቼ ነበር። እኔ የግንበኛው የማርቲን ካሲን ሚስት የነበርኩት ሃና ነኝ። በልጅነቴ በዚህ ቤት ገረድ ሆኜ ገባሁ፤ ዛሬ የመጨረሻዋ እመቤት እስክንሞት እንድንኖርበት በፈቀዱልን የላይኛው ፎቅ አብራኝ ገረድ ከነበረችው ከፔግ ሂሊ ጋር እኖራለሁ። ለእርስዎ ብቻ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ይህንን እዚህ አወጣሁት።

አንደኛ፣ ማኅበርዎ ለቤቱ ስላለው ፍቅር አመሰግናለሁ። መጻሕፍት እየተዋስኩ እንዳነበብኩት፣ ከብዙ ትውልድ በፊት፣ ጆርጅ በሚባሉት ነገሥታት ዘመን ቤት ያሠሩ ጌቶች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግራው ከቀኙ እኩል እንዲሆን ነበር፤ በሩ መካከል፣ መስኮቶቹ በዚህም በዚያም አንድ ዓይነት። በምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል ግን የገረዶች ስለሆነ፣ ገረድም ወደ ጌቶች ሣር እንድትመለከት ስላልተፈለገ፣ እዚያ መስኮት አልከፈቱም። ግድግዳው ላይ መስኮት ሣሉ፤ ለመስታወቱ ጥቁር ቀለም፣ ለእንጨቱ ነጭ፣ ከላይ ደግሞ እንዲያብረቀርቅ ቫርኒሽ። ከሣሩ ላይ ሆኖ ለሚያይ ምንም አይጎድለውም፤ ውስጥ ለሚተኛ ግን ያው ግድግዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴ ማርቲን እመቤቲቱን አስፈቅዶ ግድግዳውን በመብሳቱና እውነተኛ መስኮት በማስገባቱ ያደረሰውን ጉዳት ስላስረዱን አመሰግናለሁ። መስኮቱ ከጎረቤቶቹ በአንድ መዳፍ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ውጭውን እንዲያይ ብሎ ነው ዝቅ ያደረገው። ይህንን ለወጣቱ አርክቴክትዎ ስነግረው፣ “ሚስስ ካሲን፣ እስቲ ሣሩ ላይ ሆነው ይዩት፤ ይቺ መስኮት እኮ የቤቱን ፊት አጣመመችው” አለኝ። ሣሩ ላይ ወርጄ አየሁት፤ ልክ ነው። እሱ ግን እስካሁን አልጋው ላይ ተኝቶ አላየውም።

ሦስተኛው ፔግን ይመለከታል። ዛሬ በዚያ የምሥራቅ ክፍል የምትተኛው ፔግ ከአልጋዋ መነሣት አትችልም። ከዓለም የቀራት በዚያ መስኮት የሚታየው ነው፤ የመንገዱ ዛፎች፣ ቁራዎቹ፣ እሑድ ቅዳሴ ረፍዶበት የሚሮጠው ሁሉ። የቤቱን ፊት ወደ ጥንቱ ለመመለስ ማኅበርዎ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ በምትኩ የቀን ብርሃን የሚመስል የኤሌክትሪክ መብራት እንደሚገባላት ሳነብላት፣ “ሃናዬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ቀባሪዎቹ ትንሽ አልቸኮሉም?” ብላኛለች። አደራዋን ይኸው አድርሻለሁ።

አራተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ ነበር። መስኮቱ ከተደፈነ በኋላ እንደ ጥንቱ አድርጌ እንድቀባልዎ፣ ቀለሙን መበጥበጥ የምታውቅ እኔ ብቻ ስለቀረሁ፣ በትሕትና ጠይቀውኛል፤ አዲስ ብሩሽም ልከውልኛል። እውነት ነው፣ በየጸደዩ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት መሰላል ላይ ወጥቼ የምቀባው እኔ ነበርኩ። አንድ ጸደይ የፔግ ታላቅ እኅት ኤለን፣ እሷም የቤቱ ገረድ፣ ሳንባዋን ታማ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ተኝታ ነበር። ፀሐይ መውጣቷን ለማወቅ ከውስጥ ስታንኳኳ፣ ወጥታ ከሆነ ከውጭ በብሩሹ እጀታ እንድመልስላት ተስማምተን ነበር። አንኳኳች። ፀሐይ ነበር። እንግዶቹ ቀድመው መጥተው ሣሩ ላይ ሻይ ይጠጡ ስለነበር፣ እመቤቲቱም ቀና ብለው ስላዩኝ፣ መልሱን ሳላንኳኳ መቀባቴን ቀጠልኩ። ኤለን ከዚያ አልጋ አልተነሣችም። ማርቲን ያንን ግድግዳ እንዲበሳ ለዓመታት የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የቤቱን ፊት ያጣመመውን ሰው መክሰስ ከፈለጉ፣ እባክዎ ሟቹን ይተዉልኝ።

ብሩሹን ከከበረ ምስጋና ጋር መልሼልዎታለሁ።

የቤቱን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም የምታውቅ፣ ዝቅ ካለው መስኮት ሆና ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣

ሃና ካሲን
ድረምላሽ፣ ሮስኮመን

ማሳሰቢያ፦ ግንበኞቹ ሰኞ እንደሚመጡ ሰምተናል። የማርቲንን መዶሻ ፔግ አልጋ አጠገብ አኑሬላታለሁ። መስኮቱ ከተደፈነ፣ ቤቱን ለጎብኚዎች በሚከፍቱበት ቀን ከውስጥ ታንኳኳለች፤ እኔም ሣሩ ላይ ከእንግዶችዎ መካከል ስለምሆን፣ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ፀሐይ ከወጣችም፣ የጥንቱ መሰላሌ አሁንም ጋጣው ውስጥ አለ፤ በሁላችሁም ፊት ወጥቼ መልሱን አንኳኳላታለሁ።