«አንድ ጊዜ ይበቃታል» ላልከው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ። ሐኪሙ አይደለም፤ ጉበቴ ላይ የበቀለው ካንሰርም አይደለም። ካንሰሩስ የመጣው በቀጥታ ወደ እኔ ነው። አንተ ግን በጀርባዬ ዞርክ።

ያን ቀን ሐኪሙ ክፍል ስትገባ «እማዬ፣ አንቺ እዚህ አረፍ በይ፤ እኔ አናግሬው እመጣለሁ» ብለህ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጥከኝ። ቦርሳህንም አስያዝከኝ። ስትወጣ «ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ጨረር ትወስጂና ያልቃል» አልከኝ። እኔም መረቅኩህ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ምርቃት ነው።

በቀጠሮው ቀን ሥራ በዝቶብህ ብቻዬን ሄድኩ። የጨረር ባለሙያዋ ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለችኝ «አይዞዎት እማማ፣ የዛሬው ለሕመሙ ማስታገሻ ነው» አለችኝ።

«በሽታውንስ?»

ትራሴን አቃናችልኝ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የሚተኮስ ቀሚስ ነኝ እንዴ፣ አንዴ ዳብሰሽ የምትመልሺኝ? በሽታውንስ ምን ያደርገዋል?»

«ለእሱማ ከፍ ባለ መጠን፣ ቀን እየተዘለለ፣ አምስት ጊዜ የሚሰጥ ነበር። ቤተሰብ አልፈለገም።»

ቤተሰብ! ከአንተ ሌላ ምን ቤተሰብ አለኝ?

ከጠረጴዛው ወረድኩ። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ሐኪሙ ክፍል ገባሁ። ያልከውን ሁሉ ነገረኝ። አሮጊት ናት፣ ፊደል የቆጠረችው ገና አምና ነው፣ ትንፋሽ ያዢ ስትባል ትደናገጣለች፣ አታሠቃዩብኝ ብለሃል። ጉበት ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ ጨረሩ ሲለቀቅ ትንፋሽ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል አለኝ።

«ይችላሉ?»

«እሱን ስወልድ ማን ነበር የተነፈሰልኝ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ አምስቱንም ወስጄ ላልድን እንደምችል፣ ድካሙም እንደሚብስብኝ አስረዳኝ።

«ይህን ያኔም ለእኔ ነበር መንገር» አልኩት። አንገቱን ደፋ። የስምምነት ወረቀቱን አውጥቶ ለአውራ ጣቴ ቀለም ሊያቀርብልኝ ሲል እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። ስሜ ተንጋዶ ወጣ። ቢንጋደድም ስሜ ነው።

የጨረሩ ልኬት እንደ አዲስ ተሠርቶ አምስቱን ጀመርኩ። ስትሰማ ደውለህ «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልከኝ። አውቃለሁ፤ ስሠቃይ ማየት አትችልም። ታዲያ ፊትህን ማዞር ነበር እንጂ ዕድሜዬን መቁረጥ ምን አመጣው? ብትጠይቀኝ፣ ማን ያውቃል፣ እኔው ራሴ አንዱን ብቻ እመርጥ ነበር። አልጠየቅከኝም።

ሁለቱን ጨርሻለሁ። ያስመልሰኛል፤ ጉልበቴም ከድቶኛል። ትንፋሼን ግን ያዢ ሲሉኝ እይዛለሁ፣ ልቀቂ ሲሉኝ እለቃለሁ።

ሦስተኛው ከነገ ወዲያ ነው። ና፣ ቦርሳዬን ትይዝልኛለህ። አግዳሚው ወንበር ያው ቦታው ላይ አለ፤ አንተ ተቀመጥበት። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ስለ እኔ ሲወራ ከበር ውጭ አልቀመጥም።

እናትህ