የሐውልቶቹ ልብስና ያንተ ካኪ ኮት

የልጆቼ አባት ጴጥሮስ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። አሁን የምንኖረው ሆሳዕና ነው፤ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። ትልቋ ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፤ የእጅ ጽሑፏ ያንተን ይመስላል።

አንጋጫ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሳለፍናቸው ቅዳሜዎች ትዝ ይሉኛል። አንተ የድሮ ሰዎች ምን ይለብሱ እንደነበር ለማወቅ ከመቃብር ሐውልቶቹ ላይ ልብሱን በደብተር ትስል ነበር፤ እኔ ደግሞ አሰፋፉን እነግርህ ነበር። በአንዱ ሐውልት ላይ ካለው ፈረሰኛ ወገብ የተቀረጸውን አንተ ቀበቶ ነው ስትል፣ እኔ የቡልኮው ጫፍ ተጣጥፎ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ተከራከርን። ቡልኮ አልብሼህ ሳሳይህ ሳቅክ፣ ከሥዕሉ ሥርም የኔን ስም ጻፍክ።

በመጨረሻው ቅዳሜ የቀበሌው ካድሬ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ፣ መዶሻ ይዞ መጣ። የባላባት ምስል ይፈርሳል አለ። በመጀመሪያው ምት የፈረሰኛው ፊት ረገፈ። አንተ «ስዬ እስክጨርስ ታገሡኝ» ብለህ ፊታቸው ቆምክ። አንደኛው ጠባቂ በሰደፍ አፍህን መታህ። ወድቀህ ተነሣህ። ሌላኛው ጎንህን ሲመታህ አጥንትህ ሲሰበር ሰማሁ። ወደ እኔ ሲዞሩ እግራቸውን ያዝክ፤ ሲጎትቱህ የኮትህ እጅጌ ተገነጠለ። ያን ጊዜ ካድሬው በመዶሻው ራስህን መታህ። ደምህ በድንጋዩ ስብርባሪ ላይ ፈሰሰ። ደብተርህንም ቀዳደው በላይህ በተኑት።

ባለፈው ወር ሐውልት አሠራሁልህ። ድንጋይ ጠራቢው ሙሉ ልብስና ከረባት ሊያለብስህ ፈለገ፤ ሁሉም የሚያሠራው እንዲያ ነው አለኝ። እምቢ ብዬ ካኪ ኮትህን ፊቱ ዘረጋሁለት። የተገነጠለውን እጅጌ፣ ቁልፎቹ የጎደሉበትንም ቦታ እንዳለ ቀረጸው።

ማክሰኞ ዕለት ካድሬው ራሱ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። አላወቀኝም። መቀሱ እጄ ላይ ነበር። የአንገቱን ደም ሥር እያየሁ አንድ እርምጃ ተጠጋሁት። ልጃችን ከትምህርት ቤት ገብታ «እማዬ» ባትለኝ ኖሮ እወጋው ነበር። መቀሱን አስቀምጬ «ላንተ አልሰፋም» አልኩት። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ስምህን ነገርኩት። ሱሪውን ሳያነሣ ወጣ።

ተመልሶ ያስወስደኝ እንደሆነ አላውቅም። ልጆቹ ግን ማን እንደነበርክ፣ ማን እንደገደለህም ያውቃሉ። እኔንም ቢወስዱኝ፣ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ያንኑ ያንተን ስም ነው።

ሚስትህ