የስማዳ እልልታ

ጥር ፲፬ ቀን፣ መካነ ኢየሱስ

ደጃዝማቹ ዛሬ አስጠሩኝ። ስማዳን እንዴት እንዳቀኑ በግዕዝ እንድገጥምላቸው አዝዘውኝ ስለነበር እስካሁን የጻፍኩትን አነበብኩላቸው።

«የእህሉ ክምር ሲቃጠል ሴቶቹ አለቀሱ ያልከውን አውጣው» አሉኝ።

«በምን ልተካው ጌታዬ?»

«እልል አሉ በል።»

ሹማምንቱ ሳቁ። እኔ ግን ወታደሮቻቸው ክምሩን ያቃጠሉ ቀን አውድማው ዳር ቆሜ ነበር፤ አንዲት እናት ከአመዱ ውስጥ ያልነደደ ገብስ ስትለቅም በዓይኔ አይቻለሁ።

«ቅኔ ነጥፎብኛልና ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ይህን ጊዜ የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ ከጎኔ ብድግ አለና «እኔ እጨርሰዋለሁ ጌታዬ» አለ። እዚያው ቆሞ የሴቶቹን እልልታ በግዕዝ አወረደው።

ግጥሙ አንድ እንከን የለውም። ከሁሉ ይበልጥ ያንገሸገሸኝ ይኸው ነው።