ቁስሉ ነው ያልሽኝ

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 1977 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሸጊቱ፣

ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ካርቱም የሄድሽው ለምርመራ ስለሆነ ግን ጤናሽን ሐኪሞቹ ይነግሩሻል። እኔ የማወራሽ ሌላ ነው። የሄድሽ ዕለት ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ ቆመሽ «ታከለ፣ ልሄድ ነው» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁት እንቅልፍ ይዞኝ አልነበረም። አውቄ ነው።

ከካርቱም በመጣው ሾፌር የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። «ስመለስ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥተህ ትቀበለኛለህ ወይ?» ብለሻል። መልሴን ከመንገሬ በፊት ያልተነጋገርነውን ልጻፍልሽ፤ ፊት ለፊት ስንሆን ወይ እጮሃለሁ ወይ ዝም እላለሁ።

ልወቅስሽ በተነሣሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ውለታሽ ነው፤ ይህም ያናድደኛል። አባታችንን ቀበሌ ወስዶ ካስቀረብን በኋላ እማዬ «እኔ ቤቱን ልጠብቅ፣ አንቺ ልጁን ይዘሽልኝ ውጪ» ስትልሽ፣ መተማን በጎን አልፈን እዚህ የደረስነው አንቺ አዝለሽኝ ነው። ያን ጊዜ ቀጭን ነበርሽ። ሰዎች የወፈርሽው በእርዳታ ድርጅቱ ወጥ ቤት ስትቀምሺ ነው ይላሉ። እኔ ግን አይቻለሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ የተራብሽውን ረሃብ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስታባርሪው ነው የኖርሽው። ከዚያ ስኳሩ መጣ፣ ጉልበትሽ ከዳሽ፣ ከበር እስከ ምድጃ ለመሄድ ትንፋሽ አጠረሽ። የድርጅቱ ሐኪም ካርቱም ላከችሽና ጨጓራሽን አጥብበው ሰፍተው መለሱሽ።

በዚያው ሰሞን ከድንበር ማዶ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው ከሎሪ ላይ ይራገፍ ነበርና ሰፈሩ ዝም አላለም። ልብስ ሰፊው ውባየሁ፣ «ሌላው ለሆዱ የሚሆን እህል አጣ፣ ሸጊቱ ለእህሏ የሚሆን ሆድ አጣች» አለ። ጎረቤታችን ዘሐራም ሾርባ ይዛልሽ መጥታ፣ «ወላሂ እኛ ልጅ ለመዳር እናደልባለን፤ እናንተ ሐበሾች የደለበችውን ታከሳላችሁ» ስትል ትራስሽን ሆድሽ ላይ ጥፍር አድርገሽ ይዘሽ ሳቅሽ። መሳቅም ያምሽ ነበር።

ሐኪሞቹ ካልተራመደች የተሰፋው ሁሉ ከንቱ ነው ብለው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ክንድሽን እይዛለሁ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ በር፣ ቀጥሎ እስከ መስጊዱ ኒም ዛፍ፣ እያለ እስከ ዶንኪው፣ ውሃ እስከሚቀዳበት ድረስ። አህያ የሚጭኑት ልጆች እየተከተሉ ይስቁብን ነበር። ዘሐራ ከበሯ ሆና፣ «ሽወያ ሽወያ ያ ሸጊቱ፣ ግመልም ቀስ ብላ ነው የምትነሣው» ትልሻለች። አንቺም ለእኔ፣ «ወይ ጣጣዬ፣ ድሮ እኔ አዘልሁህ፣ ዛሬ አንተ እንደ ሰነፍ በሬ ትነዳኛለህ» ትይኛለሽ።

ከዶንኪው ማዶ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄዱት ሎሪዎች የሚቆሙበት ነው። የመጨረሻ ምልክታችን እሱ ነበር። እዚያ ድረስ ሄደሽ መመለስ ከቻልሽ የሎሪውንም መንገድ ትችያለሽ፤ ድንበሩ ድረስ ሄደን እማዬን እንቀበላታለን። ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ። ሲደክምሽ «አይዞሽ፣ እማዬ ጋ እየሄድሽ ነው» የምልሽም እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኅዳር የሰሊጥ አጫጆቹ ከአገር መጡ፤ የእማዬን ወሬ የሚያመጣልን ጋረደውም ከእነሱ ጋር። አጥሩ በር ላይ አገኘሁትና እንደ ሁልጊዜው «እማዬ ደህና ናት?» አልሁት። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» አለኝ። ውሃ እንድቀዳለት ላከኝ። ስመለስ እሱ ሄዷል፤ አንቺ ትራስሽን ታቅፈሽ ተቀምጠሻል።

«ምን አለ?» አልሁሽ።

«ለፋሲካ ትመጣለች አለ።»

ጮቤ ረገጥሁ። አንቺም አየሽኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አካሄድሽ ተለወጠ። ስለ እማዬ ማውራት ስጀምር ትቆሚያለሽ፤ ትራሱን ሆድሽ ላይ ትጫኝና ግንባርሽን ትከሻዬ ላይ ታሳርፊያለሽ። ድምፅ የለውም፤ መላ ሰውነትሽ ብቻ ይንቀጠቀጣል። «ምነው?» እልሻለሁ። «ቁስሉ ነው» ትይኛለሽ። ስፌቱ የተፈታ መስሎኝ እየፈራሁ ጀርባሽን አሻሽሁ። አንድ ቀን ዶንኪው አጠገብ ያ ሁሉ ሰው እያየን እስኪበቃሽ ድረስ ደግፌሽ ቆምሁ። ሐኪም ልጥራልሽ ስል፣ «ተወው፣ ቁስሉ ነው፣ ይለቀኛል» አልሽ።

ለእማዬ መኝታ ብዬ የተጣለ አንገረብ ከገበያ አምጥቼ ገመዱን እንደ አዲስ ስጠፍር፣ ጫፉን ወጥረሽ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። «ጠበቅ አድርጊው፣ እሷ የረገበ አልጋ አትወድም» ስልሽ ጠበቅ አደረግሽው። ለማን እንደምጠፍረው እያወቅሽ።

ይህን ሁሉ ምናልባት እተወው ነበር። የማልተወው ያቺን እሑድ ነው።

መንገድ እንቀይር፣ ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አልሽኝ። እየደገፍሁሽ ደረስን። ከቅዳሴ በኋላ የሐበሾቹ ሽማግሌ ጋሽ ረዳና የማኅበሩ ሰዎች ዳሱ ሥር ድፎ ዳቦና ምስር ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ከሸሪዓው አዋጅ ወዲህ ጠላ ስለማይደፈር ከርከዴ ቀርቧል። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። «የማን ተዝካር ነው?» ብዬ በጆሮሽ ጠየቅሁሽ። «የአንዲት እናት ነው፤ አርባዋ ነው» አልሽኝ። እኔም እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» አልሁና በላሁ። ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ። አንቺ ቁራሹን ይዘሽ ቆየሽና፣ «ሆዴ አይችልም፣ የእኔንም አንተ ብላልኝ» ብለሽ ሰጠሽኝ። የአንቺንም በላሁ። ጋሽ ረዳ ራሴን ዳሰሱኝና «ጎበዝ፣ እህትህን እንዲህ ደግፍ» አሉኝ። ዳሱ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የእናቴን ተዝካር የሌላ ሰው መስሎኝ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ፈተናዬን በጨረስሁ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጋሽ ረዳና የማኅበሩ ሰዎች ግቢያችንን ሞሉት። ሰው በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ከቆመ መርዶ ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም። እኔ መጀመሪያ ያሰብሁት አንቺን ነው። ብትወድቂ፣ ደረትሽን ብትመቺ፣ ስፌትሽ ቢከፈት ብዬ ትራስሽን አንሥቼ ወደ አንቺ ሮጥሁ። አንቺ ግን ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ለብሰሽ ቆመሻል። ጋሽ ረዳ ገና አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። የሐዘን አለባበስ ለብሰሽ የጠበቅሽው መርዶ ለእኔ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹም የያዙት እኔን ነው። ትራሱ በእጄ ነበር።

አንቺ አልጮኽሽም። ለቅሶሽን ከኅዳር ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ጨርሰሽው ነበርና። እኔ ግን ብቻዬን እንደ አዲስ ጀመርሁ። ለቀስተኛውም እኔ በጠፈርሁት አንገረብ ላይ ተቀመጠ።

ሰው ከተበተነ በኋላ የተባባልነውን ታስታውሻለሽ። «መቼ አወቅሽ?» አልሁሽ።

«ጋረደው የመጣ ዕለት። ወደ እኛ ለመምጣት ተነሥታ ቆላ ስትወርድ ንዳድ ይዟት ነው። መንገድ ላይ ቀረች።»

«ፋሲካ ያልሽኝስ?»

«ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።»

«ለፈተናዬ ብለሽ ነው?»

«ለሽማግሌዎቹ ያልኋቸው እሱን ነው። እነሱም ስፌቷ ይጥገግ አሉ።» ቀጥለሽም፣ «አንተ ስታወራት ግን የሞተች አትመስልም ነበር። ከቤት ስንወጣ የሞተች ናት፤ ኒሙ ጋ ስንደርስ ፋሲካን ትጠብቃለች። ለመራመድ የምነሣው ለዚያ ነበር። ብነግርህ ማን ያወራልኛል?»

በዚያን ጊዜ ላዝንልሽ ይገባኝ ነበር። አላዘንሁልሽም። ከቤት ወጥቼ ሄድሁ። ሸጊቱ፣ በእኔ ደስታ ነው የዳንሽው። ከኒም ዛፍ ወደ ዶንኪ፣ ከዶንኪ ወደ ሎሪዎቹ ያደረሰሽ የእኔ አለማወቅ ነው። እኔ እግርሽን እያጠነከርሁ መስሎኝ በየቀኑ ወደ መርዶዬ እየተጠጋሁ ነበር፤ አንቺም ክንዴን ይዘሽ አብረሽኝ ሄድሽ።

አሁን ብቻዬን ሆኜ ሳስበው የሚከብደኝ መደበቅሽ ብቻ አይደለም። በዚያ በዶንኪው አጠገብ በቆምንበት ምሽት እውነቱን ብትነግሪኝ ሁለታችንም አንድ ላይ እናለቅስ ነበር። አንዳችን ለአንዳችን ሌላ ማን አለን? ያን ለቅሶ ወሰድሽብኝ። እናት አንድ ጊዜ ነው የምትለቀስ፤ እኔ አብሬሽ ቆሜ አለፈኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እስከ ሎሪዎቹ ብቻዬን ሄድሁ። የመጨረሻ ምልክታችን ላይ ቆሜ ገላባት የሚሄዱ ሰዎች ሲጫኑ አየሁ። አንዱ ረዳት «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ትወጣለህ?» አለኝ። የምቀበለው ሰው የለም አልሁት። ዘሐራ ስመለስ አይታኝ ወንበር አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

መልሴ ይኸውልሽ። እመጣለሁ። ክንድሽን ግን አልይዝም፤ አሁን ያለ እኔ መሄድ ትችያለሽ፣ ሐኪሞቹም ይህንኑ እንደሚሉሽ አውቃለሁ። በጎንሽ እሄዳለሁ። ስለ እማዬ አወራሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደሞተች አድርጌ ነው የማወራሽ። መስማት ካልቻልሽ ከአሁኑ ላኪብኝ፣ እቀራለሁ። ዶንኪው ጋ ስንደርስ ማልቀሴ አይቀርም። አንቺም ካለቀስሽ፣ ውሃ የሚቀዱት ሰዎች «ምን ሆናችሁ?» ብለው ቢጠይቁን፣ ቁስሉ ነው አትበያቸው። እናታችን ሞታ ነው በያቸው።

እስካሁን ያልታረቀሽ ወንድምሽ፣
ታከለ