«ቀጥሉ» ያልኩ ቀን

ቴፒ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ማቴዎስ፣

ደህንነትዎን ሳልጠይቅ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። ዝናብ እየመጣ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰዎች ከበረንዳው ስር ይገባሉ።

የእትዬ ዘይቱን ፎቅ በረንዳ ማለቴ ነው። ቦንጋ ተሹመው ከመሄድዎ በፊት የነደፉት፣ ማኅተምዎን ያሳረፉበት፣ «ይሄን አንቺ ታሠሪዋለሽ» ብለው የተውልኝ። አንድ ሜትር ተኩል ወደ መንገዱ የወጣ፣ ከስሩ ምሰሶ የሌለው። አሁን ደግፈው የያዙት አጣናዎቹ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ይነሳሉ ተብሏል። ከአጣናዎቹ መሃል አናናስ የምትሸጥ ማናልሞሽ የምትባል ሴት አለች። ውጪ እላታለሁ፣ ትወጣለች። ካፊያው ሲጀምር ትመለሳለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዷ ልጅ አዝላለች። ልጁን አልቆጠርኩትም ነበር፤ አሥራ ሁለት።

ሰባት ጊዜ ደወልኩልዎት። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» የሚለው መልእክት ሰባት ጊዜ መጣልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ የመጨረሻው ሲመጣ እፎይ አልኩ። በድምፅ ልነግርዎት የምችለው ነገር አልነበረም። በወረቀትም የምችለው አይመስለኝም። እሞክራለሁ።

ዙሪያውን እየሄድኩ እንደሆነ ይታወቀኛል። ትንሽ ልዙር።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሚዛን ቢሮዎ የገባሁ ጊዜ የደረጃ ንድፍ አሳየሁዎት። አራት ዓመት ሆነው። አይተው ገበያ ወሰዱኝና ግማሽ ጆንያ ቡና ትከሻዬ ላይ አስቀመጡ፤ የአንዱን ነጋዴ ፎቅ ደረጃ አስወጡኝ። ሰባተኛው እርከን ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ደረጃ የሚሠራው ለእግር አይደለም፣ ለተሸከመ ሰው ነው» አሉኝ። ያን ያህል ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም። ስለዚህ ሌላውንም ያሉኝን ሁሉ እንደዚያው አመንኩ።

ሌላውን ማለቴ፣ ስለ ፊት ያሉኝን። «ሠራተኛ የመሪውን ፊት ያነባል፣ ሆሲ። ፊትሽ ላይ ጥርጣሬ ካየ ቤቱ የሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የማዛቸው ሰዎች የአባቴ እኩያ ነበሩ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። አይሳቁብኝ።

ከዚያ ደግሞ አማን ላይ የሆነው አለ። የዚያ ፎቅ በረንዳ አጣናዎች ሲነሱ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከስሩ ቆሙ። አጣናው አንድ በአንድ ተነቀለ። ባለቤቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እርስዎ ግን ስለ አቮካዶ ዛፍ ያወሩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለግሁት ሥራ ሥነ ሕንፃ መሆኑን እንጃ። የፈለግሁት እርስዎን መሆን ነው።

እሺ። አሁን ልናገር።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ። የአርማታ ሙሌት ቀን። ወጉ ነውና እትዬ ዘይቱ ለሠራተኛው በግ አሳርደዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። የሠራተኛው አለቃ፣ ካፖው ጋሽ አባቢያ፣ ታች ሚክሰሩ ጋ ነበሩ፤ እኔ ላይ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሁሉም ይሮጣል። አርማታ በባሬላ የተሸከሙት ልጆች በረንዳው ላይ የዘረጋነውን የፌሮ ብረት እየረገጡ ያልፋሉ። ፌሮው ከቦቲያቸው ስር ሲሰምጥ አየሁት። አየሁት፣ ጋሽ ማቴዎስ። ቀና አላለም። አርማታው መጥቶ ሸፈነው።

ምሰሶ የሌለው በረንዳ ጫፉ ወደ ታች ሲጎተት የሚለጠጠው ከላይ በኩል ነው፤ ብረቱም ከላይ መሆን አለበት። ሁለት ሳንቲም ተኩል ብቻ ከፊቱ ዝቅ ብሎ። ይህን ለእርስዎ መጻፌ ሞኝነት ነው። ለራሴ እየደገምኩት ነው።

አፌን ከፈትኩ። «ቆይ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ባሬላውን ከፊት የያዘው ካሊድ ዞር ብሎ፣ «ምነው ኢንጂነር? ጫማሽ ቆሸሸ እንዴ?» አለኝ።

ከኋላ የያዘው፣ «ተዋት ባክህ፣ ከላይ ወደ ታች አይታ ዞሮባት ነው!» አለ።

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። የድካም ሳቅ ነው፣ ሥራን የሚያቀል። ግን ፊቴ ላይ የሆነ ነገር እንዳዩ ገባኝ። ፊቴን ሰበሰብኩ። እንደተለማመድኩት።

«ቀጥሉ!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ማስቆም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፌሮውን በመንጠቆ ስቦ ማንሳት፣ ከስሩ ድንጋይ ማስገባት፣ መረማመጃ ጣውላ መዘርጋት። ግማሽ ሰዓት። እኔ ግን ሲያበቃ ታች ወርጄ ከሰው ጋር ጥብስ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከበረንዳው ስር እየቆምኩ አንጋጥጬ ስንጥቅ እፈልጋለሁ። አጣና የያዘው ነገር አይሰነጠቅም። እያወቅሁ እፈልጋለሁ። ልሙጥ ነው። ያምራልም። አላፊ አግዳሚው «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል።

ላይወድቅ ይችላል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቅዳሜ ቢወድቅ ሰው እናርቃለን፣ ማንም አይነካም። ቅዳሜ ባይወድቅስ? ለሁለት ክረምት ቢቆምስ? የቡና ለቀማው ደርሶ እትዬ ዘይቱ ላዩ ላይ ጆንያ ቢደረድሩበት፣ አንድ ከሰዓት ዝናብ ቢጥል፣ እነ ማናልሞሽ ቢጠለሉ። እኔ ያን ጊዜ የት ነኝ? ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሥራ ላይ፣ ምናልባት ለሌላ ልጅ ስለ ፊት እያስተማርኩ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቅዳሜ እኔ ከስር እቆማለሁ፤ እንደ እርስዎ። ከወደቀ በኔ ላይ ይወድቃል፣ ከቆመ ተረፍኩ። ለማንም አልናገርም። ይህ ሐሳብ እንዴት እንዳረጋጋኝ ሳስብ ከበረንዳው ይልቅ ራሴን እፈራለሁ።

ትናንት እሁድ ጋሽ አባቢያ አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ በቆሎ ይበሉ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ነገርኳቸው።

«ቅዳሜ አጣናው ሲነሳ እኔ ከስር እቆማለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ጋሽ ማቴዎስ አማን ላይ እንዳደረጉት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ማቴዎስ! ልጄ፣ ያ በረንዳ እኮ ከዋዜማው ጀምሮ በራሱ ነበር የቆመው። ከሰዓት ላይ እኔና እሱ ብቻ ሆነን አጣናዎቹን አንድ በአንድ አላላናቸው። ጫፉን በክር ለካን፣ ጠበቅን፣ ደግመን ለካን። የፀጉር ያህል አልወረደም። ጠዋት የቆመው አጣና ለወጉ ነው።»

«ታዲያ ለምን ከስር ቆሙ?»

«ባለቤቱ እንዲያይ ነዋ! ሰው ካላየ ያምናል?» በቆሎውን ገምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዋዜማውን ስናላላ ደግሞ ማቴዎስ ሲሚንቶ ቤቱ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው። ወላሂ። ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፣ ያልጠየቀኝ ነገር የለም። 'አባቢያ፣ እስቲ አንተ እየው' ይለኛል፣ ሰው ሲሄድ።»

አላውቅም ምን እንደተሰማኝ። ንዴት ነው መሰለኝ። ጋሽ ማቴዎስ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም? አራት ዓመት ሙሉ ፊትዎን አስተማሩኝ። ዋዜማውን ደበቁኝ። የሚያስመልስዎት ሰው መሆንዎን ባውቅ ኖሮ ያን ቅዳሜ «አቁሙ» እል ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ለምን አልነገሩኝም?

«ጋሽ አባቢያ» አልኩ፣ «በሙሌቱ ቀን ያየሁት ነገር አለ።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ለምን ዝም አልሽ አላሉኝም። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቱ ጋ?»

መሮና መዶሻ ይዘን ወጣን። ግድግዳው አጠገብ፣ በረንዳው ከቤቱ በሚወጣበት ላይ፣ ቀስ ብለው መፈልፈል ጀመሩ። እኔ ሜትሩን ይዤ ተንበረከኩ። ሁለት ሳንቲም፣ ሦስት። ብረት የለም። አምስት። «ምናልባት እዚህ ጋ አልፎት ይሆናል» አሉና ጎኑን ፈለፈሉ። ሰባት። መሮው ብረት ነክቶ ሲጮህ ዘጠኝ ሳንቲም ተኩል ላይ ነበርን። የአርማታው ውፍረት ጠቅላላ አሥራ አምስት ነው።

«ሱብሃነላህ» አሉ ጋሽ አባቢያ። በመዳፋቸው ጉድጓዱን ሸፈኑት፣ እንደ ቁስል። «ፌሮውን ከላይ የሚይዘውን ብረት አራርቄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለመቆጠብ። እኔንም ጻፊኝ።»

ሌላ ሁለት ቦታ ሞከርን። ያው ነው።

እትዬ ዘይቱ ከመንገዱ ማዶ ሱቃቸው ነበሩ። ገብቼ ነገርኳቸው።

«በረንዳው መፍረስ አለበት፣ እትዬ።»

«የማን በረንዳ?»

«የእርስዎ። ብረቱ ሰምጧል። ሲሰምጥ አይቻለሁ፣ ሥራውንም አላስቆምኩም።»

ሚዛኑ ላይ የነበረውን ኮረሪማ ቀስ ብለው አወረዱ። «ይወድቃል?»

«አላውቅም። ላይወድቅ ይችላል።»

«ላይወድቅ ይችላል እያልሽ ታፈርሺብኛለሽ?»

«የሚወድቅበትን ቀን ስለማላውቅ ነው።»

ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ያን ቀን እዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር» አሉኝ። «'ቀጥሉ!' ስትዪ ሰማሁ። ላምያን ጠርቼ፣ 'እያት፣ ሴት ልጅ ወንዶቹን እንዲህ ስታዝ፣ ተማሪ' አልኳት።»

ላምያ የልጅ ልጃቸው ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት። አርክቴክት እሆናለሁ ትላለች።

«አሁን ሂጂ» አሉኝ። «ነገ ነይ።»

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ሻይ አላቀረቡልኝም። «አፍርሱት» አሉ። «ግን የማፍረሻው ወረቀት ላይ የማቴዎስን ፊርማ አምጪ። ቤቴን ስሰጥ ያመንኩት እሱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም።» ልክ ናቸው።

ከዚያ ወጥቼ መንገዱን ስሻገር ካፊያው ጀምሮ ነበር። እነ ማናልሞሽ ከአጣናዎቹ መሃል ገብተዋል። እንደ ሌላው ቀን «ውጡ!» ልል ነበር። አልወጣልኝም።

«ሊወድቅ ይችላል» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ፈርቻለሁ።»

ማናልሞሽ ወደ ላይ አየች፣ ወደ እኔ አየች። አናናሶቿን ወደ ማዳበሪያ ከረጢቱ ማግባት ጀመረች። «ታዲያ ይሄንን መጀመሪያ አትነግሪንም? እኛ እኮ ለፎቁ ማማር ብለሽ የምታባርሪን መስሎን ነው። አንቺ፣ ልጅሽን አንሺ!» ወጡ ሁሉም። በዝናቡ ተሻግረው ከእትዬ ዘይቱ ሱቅ ጥግ ተጠለሉ። ማንም አልተመለሰም። በአጣናዎቹ ዙሪያ ገመድ ወጠርን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ገጽ አለ። ለከተማው የግንባታ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው። ንድፉ ትክክል እንደሆነ፣ ስህተቱ በሙሌቱ ላይ እንደተፈጸመ፣ ተቆጣጣሪዋ አይታ ዝም እንዳለች፣ በረንዳው አጣናዎቹ ሳይነሱ ከጫፉ ጀምሮ እንደሚፈርስ ይላል። ጋሽ አባቢያ ፈርመዋል። እኔም ፈርሜያለሁ። የሥራው ፈቃድ ግን በስምዎ ነው። ሲፈርሙ ምን ሊመጣብዎት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ፈቃድዎ ሊታገድ ይችላል፣ በተሾሙ በስምንተኛው ወር። «ለዚያች ልጅ ማን አደራ ስጥ አለው» ይሉዎታል። እኔንም ማን ከእንግዲህ ይቀጥረኛል? ሚዛን ላይ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ያውቁታል። የፈለፈልነውን ሦስት ጉድጓድ በሲሚንቶ መድፈን። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እትዬ ዘይቱን ደግሞ እርስዎ በአንድ ስልክ ያረጋጓቸዋል፤ ያምኑዎታል። ይህን ትእዛዝ እንዳይልኩልኝ ፈርቼ ነው ስልኩን ዛሬ ያጠፋሁት። ከበረንዳው፣ ከጽሕፈት ቤቱ፣ ከእትዬ ዘይቱም በላይ የፈራሁት እርስዎን ነው። «ድፈኚው» ቢሉኝ እንደምደፍነው አውቅ ነበርና። እስከ ትናንት ድረስ።

ይህን የሚያመጣልዎት የቦንጋው መኪና ሹፌር ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ይመለሳል። ወረቀቱን በእጁ ይስጡት። ከስሜ በታች ለፊርማዎ የሚሆን ቦታ ትቻለሁ። የኔው ትንሽ ተንጋዷል፤ ቀና አድርገው ይፈርሙልኝ።

ያ ቦታ ባዶውን ቢመለስም ረቡዕ ከሰዓት ወረቀቱን ለጽሕፈት ቤቱ አስገባዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ አሁንም እየፈራች፣
ተማሪዎ ሆሳዕና