ካርድ ተገኝቶበት ስለታሰረው የልጄ ኮምፒውተር

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አቃቂ

ለተከበሩ የደንብና መዝናኛ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ያሉት ሁለት ወንበሮች ደህና መሆናችሁን እጠይቃለሁ። ወንበሮቹን መጨመሬ ባለፉት ስልሳ ሁለት ቀናት ከእርስዎ ይልቅ ከእነርሱ ጋር ስለተዋወቅሁ ነው። ጤናዎ ይብዛ፤ ስብሰባዎም አንድ ቀን ይለቅ።

ወልደሰንበት እባላለሁ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ስሆን፣ እኔ ራሴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌን በድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ አሽጌ ያስገባኋቸውን ሦስት ደብዳቤዎች የሚከፍት ሰው ስላልተገኘ፣ ሳይታሸግ ቢመጣ ሥራ ያቀል ይሆናል ብዬ ነው።

ልጄ ሉላ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ሙያዋም የቤት ፕላን መሥራት ነው። በቤታችን የመንገድ በኩል ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ሰው ሊሠራ ያሰበውን ቤት መሠረቱ ሳይቆፈር ዞር ዞር ብሎ እንዲያየው አድርጋ በኮምፒውተር ትስላለች። ኮምፒውተሩን የገዛችው ሁለት ዓመት ተኩል በሰው ቢሮ ተቀጥራ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃው የመጣ ዕለት በመስተዋቱ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ሲያበራ ባየሁ ጊዜ እኔም “ልጄ፣ ይሄ የሥራ ዕቃ ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን?” ብያታለሁ። ስለዚህ አለማወቅን በእርስዎ ላይ ብቻ አልለጥፍም። ልዩነታችን እኔ መጠየቄ ነው።

በግንቦት ወር የያዘችው ሥራ የወይዘሮ ሰኪና ነበር። ወይዘሮ ሰኪና ከወሎ መጥተው፣ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ለጠያቂዎች ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና ምግብ የሚሸጡ የአሥራ ስድስት ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ ለእነዚህ ሴቶች እስከ ሰኔ 6 ድረስ የሚሠሩትን መደብር ከየአቅጣጫው የሚያሳይ የኮምፒውተር ሥዕል ካላቀረቡ ከቦታው እንደሚነሡ በጽሑፍ አስታወቃቸው። እነርሱም ታዘዙ፤ ሉላ ዘንድ መጡ።

ግንቦት 12 ቀን ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ፈቃድ የሌላቸውን የጌም ቤቶች ለመዝጋት የወጡ ሁለት ሠራተኞችዎ ደጃችን ደረሱ። አለቅየው ጣሰው ይባላል። በሩ ክፍት ስለነበር መብራቱን አየ፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ “ጌሚንግ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ካርቶን አየ።

“ውስጡ ያለው ምንድን ነው?” ብሎ ሉላን ጠየቃት።

“ግራፊክስ ካርድ ነው። ሥዕሉን የሚያወጣው እሱ ነው።”

“ካርድ ካለው ቁማር ነው።”

እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ “ልጄ፣ ሕፃን ሲከተብም እኮ ካርድ ይሰጠዋል” አልሁት።

“አባባ፣ ሥራዬን አያበላሹብኝ” አለኝ።

አላበላሸሁበትም። ይዞት ሄደ። ሉላ አላለቀሰችም፤ ኮምፒውተሩ ተቀምጦበት የነበረውን፣ አቧራ ያልነካውን አራት ማዕዘን በመዳፏ ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃው እንዲመለስልን ስመላለስ፣ ሠራተኞችዎ ስለ ዕቃው ምንነት በየጊዜው ስለጠየቁኝ፣ እኔም ማታ ማታ ከልጄ መማር ግድ ሆነብኝ። የተማርሁትን ከቅሬታዬ ጋር አያይዤ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ሠራተኞችዎ መጀመሪያ የወሰዱት ስክሪኑን ብቻ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣሰው በላብ ተጠምቆ ተመልሶ “ዋናው ሣጥኑ ነው አሉን” አለ። ለመመለስ ያሳየውን ትጋት አደንቃለሁ። ስክሪን መስኮት ነው፤ በመስኮት የሚታየው ሰው ቤቱ ውስጥ እንጂ መስኮቱ ውስጥ አይኖርም። ሣጥኑም ቢሆን ኬዝ የሚባል ቆርቆሮ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ፋኖች እንደ ማንኛውም ቬንትሌተር ሙቀት ያስወጣሉ፤ መብራቱ ደግሞ ለውበት ብቻ ነው። ሚኒባስም የፊት መስተዋቱ ላይ መብራት ያስራል፤ ጭፈራ ቤት ነው ተብሎ ግን ሲታሸግ አላየሁም።

2. የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ሥርጉት በሚሞሉት ቅጽ ላይ “በግለሰብ ወይስ በቦርድ የሚተዳደር?” የሚል ጥያቄ አለ። ልጄ ዕቃውን ተከትላ ሄዳ ክፍሎቹን ስትዘረዝር “ማዘርቦርድ አለው” በማለቷ፣ ወይዘሮ ሥርጉት “አንድ ባለ መብራት የካርድ መጫወቻ ሣጥን፣ በቦርድ የሚተዳደር” ብለው መዘገቡት። በማግሥቱ ማመልከቻ ይዤ ብመጣ የቦርዱ ሰብሳቢ ካልፈረመ አይሆንም ተባልሁ። ማዘርቦርድ ክቡር ሆይ፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርስ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። አበል አይበላም። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል ሥራው የማይቆመው።

3. ግራፊክስ ካርድ ስለተባለው ተጠርጣሪ። የኮምፒውተር ሒሳብ አስሊው ፕሮሰሰር ይባላል፤ በፋብሪካችን ቋንቋ ፎርማን ነው። ብልህ ነው፤ ነገር ግን እጁ ጥቂት ነው። ስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ደግሞ በብዙ ሚሊዮን ነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ እንደ ጨርቅ ክር በክር። ፎርማኑ ብቻውን ይሸምን ቢሉት ቀኑ ይመሽበታል። ግራፊክስ ካርድ ማለት እንግዲህ የሽመና አዳራሹ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ነጠብጣብ በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። ጌም የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ሥዕሉ በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ እየታደሰ መኪናው የሚሮጥ እንዲመስል ነው። ፕላን የሚሠራ ሰውም ቤቱን ሲያዞረው እንዳይደናቀፍ ያንኑ አዳራሽ ይፈልጋል። አዎን፣ ልጄም እሑድ ከሰዓት የመኪና ውድድር ትጫወትበታለች፤ አልሸሽግም። በወንበርዎ ላይ ሆኖ በስልክ ኳስ ማየት ከተፈቀደ ይህም አይከለከልም ብዬ ነው።

4. ዲስክን በሚመለከት ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና አለኝ። የሴቶቹ ሥዕል ተጀምሮ የተቀመጠው በታሰረው ሣጥን ውስጥ ስለነበር፣ ወሬውን ለወይዘሮ ሰኪና የነገርሁ ዕለት፣ “አባባ ወልደሰንበት፣ እኛ ሥዕል አላማረንም። ሥዕል የጠየቁን እነሱ ናቸው። አሁን ለሴቶቹ ምን ልበላቸው?” አሉኝ። ሉላ ናት “ሥዕሉ ያለው እኮ ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ ከወጣ ይበቃናል” ያለችው። ዲስክ መብራት ቢጠፋም የተሰጠውን የማይረሳ የኮምፒውተሩ መዝገብ ቤት ነው፤ የእርሷው አዲሱ ዓይነት ስለሆነ ከማስቲካ ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

ግንቦት 28 ቀን ወይዘሮ ሥርጉት ዘንድ ቀርቤ መዝገባቸው ላይ ዲስክ የሚል እንዳለ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡ።

“የለም” አሉ።

“እንግዲያው ያልተመዘገበ ዕቃ መጋዘንዎ ውስጥ አለ ማለት ነው።”

ደነገጡ። “ወይ ጉዴ! ኦዲት ቢመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሉ አባቴ ቶሎ ይውሰዱልኝ” አሉ። ካቻቢቴዬ ኪሴ ነበር፤ ፊታቸው ፈትቼ አወጣሁት፤ መቀበሌንም ፈረምሁ። ወይዘሮዋን እንዳይቆጡብኝ እለምናለሁ፤ በመሥሪያ ቤትዎ መመሪያውን ቃል በቃል ሲፈጽም ያየሁት ብቸኛ ሰው እርሳቸው ናቸው።

5. ራም። ዲስኩን ይዘን ኮዬ ፈጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ወዳለው ወዳጄ ሰቦቃ ሄድን። ሰቦቃ ኮምፒውተሩን ያለ አንዳች ክፍያ ለቀቀልን፤ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። በልጄ ኮምፒውተር አርባ ደቂቃ የሚፈጀው አንድ ሥዕል እዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ የሚያስፈልጉት ደግሞ አራት ነበሩ። ፎርማኑ ብቻውን ሲሸምን ፋኑ ዳገት እንደሚወጣ ባጃጅ ይጮኻል። ሦስተኛው ሥዕል ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ራም ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ እየተሠራ ያለው ነገር የሚዘረጋው እርሱ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች መብራት ሳይጠፋም ትናንት ያናገሩኝን ዛሬ እንደሚረሱ ስላየሁ፣ ነገሩ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም።

ሃያ አንድ ቀን ሳታለቅስ የቆየችው ልጄ ያን ዕለት፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ አለቀሰች። ሰቦቃ የሱቁን መዝጊያ ይዞ ቆሞ፣ “እህቴ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እከፍትልሻለሁ” አላት። ከፈተም። እርሷም ከመጀመሪያው ጀመረችው።

ሰኔ 6 ቀን ዓርብ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሰኪና አራቱን ሥዕሎችና ሙሉ ፕላኑን የያዘውን ፍላሽ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እኔና ሉላ ከኋላቸው ሆነን ቢሮዎ ገባን። ሰነድ ተቀባዩ ልጅ በወረቀት አትመን ያመጣነውን ሥዕል አይቶ “ይሄን ማን ሠራው?” ሲል፣ ወይዘሮ ሰኪና ወደ መጋዘኑ በር እያመለከቱ “የታሰረው ነው የሠራው” አሉት። ማኅተም መታበት። አሥራ ስድስቱ ሴቶች እስከዚህች ቀን ድረስ ከቦታቸው አልተነሡም። ወይዘሮ ሰኪና ልጄን ባገኟት ቁጥር እጇን ይዘው አይለቁም፤ ልጄም ቢያንስ ስትበላ አያታለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ያለ ትምህርት ቤት ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለአንድ ሥራ ማስረጃ ጠይቆ ማስረጃውን የሚሠራውን ዕቃ በማሰር፣ የሕዝብን ጽናት ለመፈተን ላሳዩት ብልሃትም እጅ እነሳለሁ። አሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው የልጄ እንጀራ ነውና ዝናቡ በመጋዘኑ ጣሪያ ሳይገባ ይመለስልን።

መንበርዎ የጸና፣ ፊርማዎ የፈጠነ፣ በርዎ አንዳንዴም ቢሆን የሚከፈት እንዲሆን ከልብ የሚመኝልዎ፣

ታዛዥና ታጋሽ አገልጋይዎ
ወልደሰንበት
የቀድሞ የጥገና ሠራተኛ፣ የአሁን የደጃፍዎ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ከቢሮዎ አንድ ወጣት መሐንዲስ ለልጄ ደወለላት። የሴቶቹን ፕላን ሊመረምር ቢከፍተው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ እየደረቁ አስቸግረውት፣ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይዛ እንድትመጣ ይለምናል። “ዕቃው ከአንተ ቢሮ ሁለት በር አልፎ ነው ያለው፤ አስወጣውና መጥቼ እከፍትልሃለሁ” አለችው። እርሱም ከመጋዘን ለማስወጣት በቅድሚያ ለኃላፊው ደብዳቤ መጻፍ እንዳለብን ነገራት። ክቡር ሆይ፣ ይኸው ደብዳቤው።