ለሐይቁ ቤት የላክሽው አንድ ዶላር

ሴፕቴምበር 22፣ 2024
ሚኒሶታ፣ ከሐይቁ ዳር

ለምወድሽ ልጄ ለሚርያ፣

አንድ ዶላርሽ ደረሰኝ። ፖስታውን ገልብጬ ባራግፈውም አንዲት ቃል አልወጣችም። ግድ የለም፤ ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የእጅ ጽሑፍሽን አድራሻው ላይ ማየቴም ደስ አሰኝቶኛል።

ገንዘቡን ላኪ ያልኩሽ በጎረቤታችን በአርቪድ ምክር ነው። «የሐይቁን ቤት በስጦታ ከሰጠሻት መንግሥት ግብር ይቆልልብሻል፤ በአንድ ዶላር ሽጪላትና ተገላገይ። እኔም ለልጄ ጫካውን ያዞርኩለት እንዲህ ነው» አለኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ለልጁ በአንድ ዶላር ሲሸጥ ስለማይ አመንኩት። ማክሰኞ ዶላርሽን ይዤ፣ ወንድምሽ ዌይን በመኪናው አድርሶኝ፣ ጠበቃዋ ጆዲ ዘንድ ሄድኩ።

ጆዲ ዶላሯን አየት አድርጋ ሳቀች።

«ወይዘሮ ሄልቪ፣ ቤቱ እኮ ሁለት መቶ ሺህ ያወጣል። በአንድ ዶላር ቢሸጡትም ቀሪው ያው ስጦታ ነው። መንግሥት እንደዚህ አይሞኝም።»

«ታዲያ ሚርያ ስንት ልትከፍል ነው?»

«እሷ ምንም። የስጦታ ግብር ቢመጣ እንኳ ከፋዩ ሰጪው ነው። እርስዎም አይከፍሉም። ዘንድሮ ለአንድ ሰው ከአሥራ ስምንት ሺህ በላይ የሰጠ ቅጽ ሞልቶ ያሳውቃል፤ ከዚያ የበለጠው ያለ ግብር እንዲሰጡ ለዕድሜ ልክ ከተፈቀደልዎት ሚሊዮኖች ላይ ይቀነሳል።»

«ሚሊዮኖች? ሰማህ ዌይን?»

«ሰማሁ። እንግዲያው የዛሬውን ቤንዚን አንቺ ትችያለሽ» አለ ወንድምሽ።

ችግሩ ሌላ ነው አለች ጆዲ። አሁን ከሰጠሁሽ፣ በወጣትነቴ በአስተማሪ ደመወዜ የገዛሁበት ርካሽ ዋጋ አብሮሽ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ብትሸጪው በትርፉ ሁሉ ግብር ይጠይቁሻል። በውርስ ከደረሰሽ ግን እንደ መግዣ የሚቆጠረው እኔ በምሞትበት ቀን የሚኖረው ዋጋ ነው። «ካልቸኮሉ በኑዛዜ ቢተዉላት...» ብላ ጀመረችና፣ በመድኃኒቱ ፀጉሬ ካለቀ ወዲህ ራሴ ላይ የምጠመጥመውን ሻሽ አይታ አቋረጠች። ዌይን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ግድ የለም፣ ብዙ አላስጠብቃትም» አልኳትና ኑዛዜውን ፈረምኩ።

በአባትሽ ቀብር ዕለት «እርሻው ለዌይን ከሆነ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» ብለሽ ነበር የወጣሽው። እኔም የቸኮልኩት ወደ ገዛ ቤትሽ ስትገቢ ለማየት ነበር። በጆዲ መንገድ ቤቱ ያንቺ ሲሆን እኔ አልኖርም። ናፍቀሽኛል፣ ልጄ።

ዶላሩን መልሺላት ተብያለሁ። በፖስታ ግን አልልከውም። ሐይቁ ቤት በር ላይ፣ ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ምስማር ላይ ሰክቼዋለሁ፤ መጥተሽ ውሰጂው። ዌይን ለእንፋሎት መታጠቢያችን ለሳውናው እንጨት ፈልጦ እስከ ጣሪያው ከምሯል። «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ስለው፣ «ለአኩራፊዎች» አለኝ።

መንገድሽን የቀና፣ ልብሽን የለዘበ ያድርግልሽ።

እናትሽ ሄልቪ

ዘንድሮ ሐይቁ ቀደም ብሎ በረዶ ይሠራል ይላሉ። ከዚያ በፊት ነይ።